ከመጠምጠም መማር ይቅደም፡- የትወና ትምህርት ቤት አመራረጥና የተዋናይነት ሥልጠና

በአገራችን የቴአትር፣ የፊልምና የቴሌቪዥን ድራማ ሥራ እየሰፋ ከመጣበት ጊዜ ወዲህ ተዋናይ የመሆን ፍላጎት በወጣቶች ዘንድ አብሮ እየጨመረ መጥቷል። ከዚሁ ጋር ተያይዞ ወጣቶቹና ወላጆቻቸው ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ ሙያውን የት፣ ለምን ያህል ጊዜና በምን ዓይነት ተቋም መማር ይገባል የሚለው ነው።

ጥያቄው የወላጅና የልጅ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ የሚታይ አይደለም። ዋና ዋናዎቹ ቴአትር ቤቶች ተዋንያንን በመንግሥት በጀት ይቀጥራሉ። ለማሠልጠኛ ተቋማት ፈቃድ የሚሰጡት፣ የአማተር ቴአትር ክበባትን የሚያደራጁትና አዳራሽ የሚፈቅዱላቸውም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። በመሆኑም ጥሩ ሥልጠናን ከደካማው ለይቶ ማወቅ ለተማሪው የሚያስፈልገውን ያህል፣ ለቀጣሪውና ለፈቃድ ሰጪውም ያስፈልጋል።

አበው "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ሲሉ የተናገሩት ለቤተ ክህነት ሰው ቢሆንም አባባሉ ለመድረክ ሰውም ይሠራል። በትወና ትምህርት ምርጫ ብዙዎች የሚሳሳቱት በመጨረሻው ቀን የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት አስቀድመው በማየታቸው ነው። የአንድ የትወና ትምህርት ቤት ዋነኛ መመዘኛ ግን ተማሪው በብቁ አሠልጣኝ ዐይን ሥር ቆሞ እየሠራ፣ እየታረመና ደግሞ እየሠራ የሚያሳልፈው ጊዜ ነው። የአገራችን የቴአትር ታሪክም ሆነ የሌሎች አገሮች ልምድ የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

የትወና ትምህርት በአገራችን

ዘመናዊ ቴአትር በኢትዮጵያ የተጀመረው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. አካባቢ ባቀረቡት "ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ" በተሰኘው ተውኔት እንደሆነ ይታወቃል። በሩሲያ የተማሩት ደራሲ እንስሳትን ገጸ ባሕርያት አድርገው የዘመኑን አስተዳደር በመተቸታቸው ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። በጊዜው የሠለጠነ ተዋናይ የሚባል ባለሙያ አልነበረም።

ቴአትር እንደገና ነፍስ የዘራው በትምህርት ቤቶች አካባቢ ነበር። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ተውኔቶቻቸውን ያቀርቡ የነበረው ተማሪዎችን እያሠለጠኑ ነው። ደራሲው፣ መምህሩና አዘጋጁ አንድ ሰው ነበር። ዮፍታሔ የቅኔ ትምህርት ያላቸው ሰው ስለነበሩ ተማሪዎቻቸውን የሚያስጠኑትም በዚሁ ለቃል ክብር በሚሰጥ መንገድ ነበር። ሴቶች ወደ መድረክ ባልወጡበት በዚያ ዘመን የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች የነበሩ ሲሆን፣ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴን የመሳሰሉ ፈር ቀዳጅ ተዋንያት ይህን ልማድ የሰበሩት ቆየት ብለው ነው።

በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር "ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር" በሚል ስያሜ የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸውን "ዳዊትና ኦርዮን" በማቅረብ ተከፈተ። በእነዚህ ቤቶች አዲስ ገቢ ተዋናይ ሙያውን የሚማረው ከነባሮቹ ጎን ቆሞ ነበር። መጀመሪያ በአጃቢነት ይሰለፋል፣ ቀጥሎ አንዲት ዐረፍተ ነገር ይሰጠዋል፣ ከዚያም ትንሽ ገጸ ባሕርይ ይጫወታል። መድረኩ ራሱ ትምህርት ቤት ነበር ማለት ይቻላል።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ መደበኛ ትምህርት ታከለበት። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በለንደኑ ሮያል ኮርት ቴአትርና በፓሪሱ ኮሜዲ ፍራንሴዝ የቴአትር አሠራርን አጥንተው በመመለስ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን መርተዋል። ተስፋዬ ገሠሠ በአሜሪካው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ፣ ወጋየሁ ንጋቱና ደበበ እሸቱ ደግሞ በሃንጋሪ ተምረዋል። በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የኪነ ጥበባት ማዕከልም ለበርካታ ወጣቶች መነሻ ሆኗል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል የተቋቋመው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ፣ በ1970ዎቹ መባቻ ላይ ሲሆን ለመቋቋሙ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ጉልህ ድርሻ ነበራቸው። ትምህርት ክፍሉ ከጊዜ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት አድጎ በዮፍታሔ ንጉሤ ስም ተሰይሟል። ከሙዚቃውና ከሥዕሉ ትምህርት ቤቶች ጋርም በስክንድር ቦጎስያን ስም በተጠራው ኮሌጅ ሥር ተደራጅቷል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በትምህርት ቤት ተውኔት፣ በቴአትር ቤት ተለማማጅነት ወይም በውጭ አገር ትምህርት ያለፉት ነባር ባለሙያዎች በሙሉ የሚያመሳስላቸው፣ የተማሩት ተመልካች ፊት በመቆም መሆኑ ነው።

ሥልጠናው ምን ምን ይይዛል?

የትወና ሥልጠና የመጀመሪያው ምዕራፍ ድምፅ ነው። ተዋናይ በትልቅ አዳራሽ ያለ ድምፅ ማጉያ ከመጨረሻው ወንበር ድረስ ሳይጮህ መሰማት ይጠበቅበታል። ይህ ደግሞ በጉሮሮ ጉልበት ሳይሆን በአተነፋፈስ ቁጥጥር የሚገኝ በመሆኑ በየዕለቱ መለማመድን ይጠይቃል። በጉሮሮው ብቻ የሚሠራ ተዋናይ ተውኔቱ ጥቂት ሳምንታት ሲታይ ድምፁ ይዘጋል።

በአማርኛ የሚሠራ ተዋናይ በዚህ ላይ የሚጨመርበት የቤት ሥራ አለ። የአማርኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። "አለ" ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ይገልጻል። "ገና" ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ በዓሉን ያመለክታል። "ዋና"ም እንደዚሁ ሲላላ በውኃ ላይ መንሳፈፍ፣ ሲጠብቅ ቀዳሚ ማለት ይሆናል። ጽሑፉን የሚያነበው ተዋናይ ከወረቀቱ ላይ የማያገኘውን ይህን ልዩነት በጆሮው ለይቶ ካላወቀ ተመልካቹ ፍቺውን ይስታል። በግጥም የተጻፈ ተውኔት ሲሆን ችግሩ ይከብዳል። ቤት መምቻው ላይ ብቻ እየረገጠ የሚናገር ተዋናይ ሐሳቡን ይገድለዋል፤ ቤቱን ጨርሶ የሚሸሽም ዜማውን ያጠፋዋል። ሰምና ወርቅ ባለው ንግግር ደግሞ ወርቁን አጉልቶ መናገር ቅኔውን ማፍረስ፣ ጨርሶ መሸሸግም ተመልካቹን ባዶ እጁን መስደድ ነው። አርቲስት ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በሬዲዮ ሲተርኩ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የሰጡት የድምፅ መልክ በአድማጮች ልብ ታትሞ የቀረው ይህን ሁሉ በሥልጠናና በልምድ ስላዳበሩት ነው።

ሁለተኛው የአካል ሥልጠና ነው። አረማመድ፣ አቀማመጥ፣ የእጅ አጠቃቀምና የፊት ገጽታ የገጸ ባሕርዩን ዕድሜ፣ ሥራና ማዕረግ መናገር አለባቸው። ለጌታ እጅ የሚነሳ የጥንት አሽከርና ደንበኛ የሚያስተናግድ የዛሬ ነጋዴ በአንድ ዓይነት ወገብ አይጎነበሱም። ተማሪው ይህን የሚያገኘው በገበያ፣ በቤተ እምነት ደጃፍ፣ በአውቶቡስ መናኸሪያና በፍርድ ቤት ቅጥር ሰዎችን በጥሞና በመመልከት ነው። ጥሩ አሠልጣኞችም ይህንኑ ምልከታ የቤት ሥራ አድርገው ይሰጣሉ።

ሦስተኛው የተውኔት ንባብና ትንታኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮ ኪነ ጥበብ ቴአትርን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ ያዳበረው ዘዴ እስከ ዛሬ የብዙ ትምህርት ቤቶች መሠረት ነው። ዘዴው በአጭሩ ሲታይ ተዋናዩ "ይህ ሰው በዚህች ሰዓት ምን ይፈልጋል? እንዳያገኘው የሚከለክለው ምንድን ነው? እኔ በእሱ ሁኔታ ብገኝ ምን አደርግ ነበር?" ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። በዚህ መንገድ የሠለጠነ ተዋናይ ኀዘንን "ለማሳየት" አይታገልም። ገጸ ባሕርዩ የሚፈልገውን ነገር ሲከታተል ኀዘኑ ራሱ ይመጣል።

አራተኛው ማዳመጥ ነው። ቃለ ተውኔቱን ሸምድዶ ተራው እስኪደርስ የሚጠብቅ ተዋናይና የባልደረባውን ንግግር ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚሰማ ሆኖ የሚመልስ ተዋናይ በመድረክ ላይ ወዲያውኑ ይለያሉ። ይህ ችሎታ ብቻን በማጥናት አይገኝም። በቡድን ልምምድና ያለ ጽሑፍ በሚሠሩ የፈጠራ ጨዋታዎች የሚዳብር ነው።

የካሜራ ትወናም ራሱን የቻለ ትምህርት ይፈልጋል። ለአዳራሽ የተመጠነ እንቅስቃሴ ለካሜራ ይበዛል፤ ለካሜራ የሚበቃ የዐይን ጥቅሻ ከአዳራሹ የኋላ ወንበር አይታይም። በፊልም ሥራ ትዕይንቶች በታሪኩ ቅደም ተከተል ስለማይቀረጹ ተዋናዩ ጠዋት የታሪኩን ፍጻሜ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መጀመሪያውን ሊሠራ ይችላል። ስሜቱን ከቦታው እየጠራ እንዲመልስ የሚያደርገውም ሥልጠና ነው።

ሦስቱ የመማሪያ በሮች

በአሁኑ ወቅት ወደ ሙያው ለመግባት ያሉት መንገዶች በጥቅሉ በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጥንካሬና ውስንነት አላቸው።

የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተጨማሪ በክልሎች የሚገኙ የተወሰኑ ዩኒቨርሲቲዎችም በቴአትር ጥበባት ያስተምራሉ። ተማሪው የቴአትር ታሪክን፣ የተውኔት አጻጻፍን፣ ዝግጅትን፣ ትወናንና የመድረክ ቴክኒክን ይማራል። ይህ ስፋት ሰፊ ዕውቀት ያለው ባለሙያ ያፈራል። በሌላ በኩል ትምህርቱ ለትወና ብቻ የተዘጋጀ ባለመሆኑ ተዋናይ መሆን የሚፈልግ ተማሪ በክፍል ከሚያገኘው ውጪ የመድረክ ልምምድን በራሱ ተነሳሽነት መጨመር ይኖርበታል። ከምዝገባ በፊትም የትምህርት ዕቅዱን አይቶ ለትወና የተመደቡትን የትምህርት ዓይነቶች መቁጠር ተገቢ ነው።

ሁለተኛው የአማተር ክበባትና የቴአትር ቤቶች መንገድ ነው። በየቀበሌው የኪነት ቡድን፣ በየትምህርት ቤቱ ክበብና በየወጣት ማዕከሉ የተጀመረ ልምምድ ለብዙ ታዋቂ ተዋንያን መነሻ መሆኑ የሚዘነጋ አይደለም። ወጪው አነስተኛ ነው፤ ተመልካቹም ቅርብ ነው። ውስንነቱ ስህተትን የሚያርም ባለሙያ በአብዛኛው አለመኖሩ ነው። ያልታረመ ልማድ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ለመንቀል ያስቸግራል።

ሦስተኛው የግል ማሠልጠኛ ተቋማት የሚሰጡት የአጭር ጊዜ ሥልጠና ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በቪዲዮ የተቀረጹ የአማርኛ ፊልሞች በሲኒማ ቤቶች በስፋት መታየታቸውና በኋላም እንደ "ገመና"ና "ሰው ለሰው" ያሉ ተከታታይ ድራማዎች ተወዳጅ መሆናቸው የዚህ ሥልጠና ፈላጊ እንዲበዛ አድርጓል። አጭር ሥልጠና በካሜራ ትወና ወይም በድምፅ ላይ ያተኮረና በጥቂት ተማሪዎች የሚሰጥ ከሆነ ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ በሥራ ላይ ላለ ሰው የክህሎት ማሻሻያ እንጂ ለጀማሪ ሙሉ ትምህርት ሊሆን አይችልም። ድምፅና አካል በጥቂት ወራት አይገሩምና።

በሌሎች አገሮች ያለው ልምድ ለንጽጽር ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1904 የተመሠረተው የለንደኑ የንጉሣዊ የድራማ ጥበብ አካዳሚም ሆነ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተው የኒው ዴልሂው ብሔራዊ የድራማ ትምህርት ቤት ዋነኛ ሥልጠናቸው ሦስት ዓመት ይወስዳል። በጆሃንስበርግ የማርኬት ቴአትር ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲቋቋም ዓላማው የመማር ዕድል ላላገኙ ወጣቶች በሚሠራ ቴአትር ቤት ሥር ሥልጠና መስጠት ነበር። የዚህ የመጨረሻው አሠራር በተለይ ለአገራችን ቴአትር ቤቶች ቅርብ ነው።

ከመመዝገብ በፊት

አንድን የትወና ማሠልጠኛ ለመምረጥ የሚያግዙ ነጥቦች አሉ። ተማሪና ወላጅ እነዚህን ይዘው ወደ ተቋሙ በአካል ቢሄዱ ከማስታወቂያ የማያገኙትን መረጃ ያገኛሉ።

ቀዳሚው ሕጋዊነት ነው። ተቋሙ በዲግሪ ደረጃ የሚያስተምር ከሆነ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ሊኖረው ይገባል። በቴክኒክና ሙያ ወይም በአጭር ጊዜ ሥልጠና የተሰማራ ከሆነም ከሚመለከተው የክልል ወይም የከተማ አስተዳደር አካል ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅበታል። የንግድ ፈቃድ ብቻውን የሥልጠና ዕውቅና አይደለም። ዕውቅናው ለየትኛው የትምህርት ዘርፍ፣ ለየትኛው ደረጃና እስከ መቼ እንደተሰጠ ማየትም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የአሠልጣኞች ማንነት ነው። በግድግዳ ላይ ፎቶግራፉ የተሰቀለው ታዋቂ ተዋናይ በእርግጥ በሳምንት ስንት ሰዓት ያስተምራል? ወይስ በመክፈቻና በምረቃ ቀን ብቻ ይገኛል? ታላቅ ተዋናይ ሁሉ ታላቅ አስተማሪ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። አስተማሪ የራሱን አጨዋወት ከማስኮረጅ አልፎ ተማሪው የራሱን እንዲያገኝ የሚያደርግ መሆን አለበት።

ሦስተኛው የተግባር ሰዓት ነው። አርባ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው በሁለት ሰዓት ክፍለ ጊዜ የሚማሩ ከሆነ ጊዜው እኩል ቢከፋፈል እንኳ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው ሦስት ደቂቃ ነው። አሥራ ሁለት ከሆኑ አሥር ደቂቃ ይሆናል። ይህ ቀላል ስሌት ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ስለ ተቋሙ ይናገራል።

አራተኛው መለማመጃ ቦታና የሕዝብ ትርዒት ነው። ተቋሙ ወንበር ተነሥቶ የሚንቀሳቀሱበት ክፍል፣ መድረክ ወይም ከአንድ አዳራሽ ጋር የተደረገ ስምምነት አለው? ተማሪዎች በዓመት ስንት ጊዜ በተመልካች ፊት ይሠራሉ? የቀድሞ ተማሪዎችን ትርዒት ሄዶ ማየት የሚያስችል ከሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

አምስተኛው የተመራቂዎች ሁኔታ ነው። አንድ ዝነኛ የቀድሞ ተማሪን መጥቀስ በቂ አይደለም። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ከተመረቁት መካከል የተወሰኑትን አግኝቶ ምን እየሠሩ እንደሆነ መጠየቅ ይመረጣል።

ስድስተኛው ክፍያና ውል ነው። ጠቅላላ ክፍያው፣ የሚከፈልበት ጊዜ፣ ሥልጠናው ቢቋረጥ ገንዘቡ የሚመለስበት ሁኔታ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። "ሥልጠናውን ስትጨርሱ ፊልም ላይ ትሠራላችሁ" የሚል የቃል ተስፋ ለክፍያ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ገጸ ባሕርይ የሚሰጠው በአዘጋጁ ምርጫ እንጂ በትምህርት ክፍያ አይደለም።

ሰባተኛውና በዝምታ ሊታለፍ የማይገባው የሠልጣኞች ደኅንነት ነው። ትወና አካልንና ስሜትን የሚነካ ሥራ በመሆኑ ሥልጣኑን ያለ አግባብ የሚጠቀም ሰው "ይህ የሙያው ባሕርይ ነው" በማለት ሊሸፈን ይችላል። ልምምድ በታወቀ ሰዓትና ቦታ፣ ሌሎች ባሉበት መካሄድ አለበት። የፍቅርም ሆነ የጠብ ትዕይንት ሲሠራ እንቅስቃሴው አስቀድሞ በስምምነት ይወሰናል። በተለይ ሴቶች ልጆችን የሚቀበል ተቋም የቅሬታ አቀራረብ ሥርዓቱን ለወላጅ ማሳየት ይገባዋል። በግል መኖሪያ ቤት ወይም በሆቴል ክፍል የሚሰጥ "ፈተና" ፈተና አይደለም።

ለመግቢያ ፈተና ዝግጅት

ተሰጥኦን የሚፈትኑ ተቋማት በአብዛኛው ተፈታኙ ያጠናውን መነባንብ ወይም የተውኔት ክፍል እንዲያቀርብ ይጠይቃሉ። አንዱ ቀልድ ያለበት ሌላው ጠንከር ያለ፣ ወይም አንዱ በግጥም ሌላው በስድ ንባብ የሆኑ ሁለት የተለያዩ ክፍሎችን ማዘጋጀት ይመከራል። የተመረጠው ገጸ ባሕርይ ለተፈታኙ ዕድሜ የቀረበ መሆኑ ይጠቅማል። የሃያ ዓመት ወጣት ጺም ለጥፎ ሽማግሌ ከሚሆን ይልቅ በዕድሜው ያለውን ሰው አጥርቶ ቢያሳይ ፈታኞች ችሎታውን በተሻለ ያዩለታል።

ሙሉ ተውኔቱን ማንበብ ግዴታ ነው። ክፍሉን ብቻ ሸምድዶ የመጣ ተፈታኝ "ይህ ሰው ከዚህ በፊት ምን ገጥሞት ነበር?" ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ያጣል። ፈታኞች አንዳንድ ጊዜ "አሁን ደግሞ ለሚያስፈራህ ሰው እንደምትናገር ሆነህ ድገመው" በማለት ያዛሉ። ይህም ተፈታኙ ስህተት ሠርቷል ማለት ሳይሆን ምክር ተቀብሎ መለወጥ መቻሉን ለማየት ነው። የታወቀ ተዋናይን አነጋገር መኮረጅ ግን በጣም የተለመደው መውደቂያ ነው።

በአንድ ፈተና መውደቅ የሙያው ፍጻሜ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። መንገድ መለወጥም እንዲሁ ውድቀት አይደለም። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚታወቁት የፊልም ባለሙያ ኃይሌ ገሪማ ወደ አሜሪካ የሄዱት በቺካጎው ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ትወና ለመማር ነበር። በኋላ ግን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ወደ ፊልም ሥራ ተዛውረው "ጤዛ"ን የመሰለ ሥራ አበርክተዋል። በአዲስ አበባ ተወልዳ በአየርላንድና በእንግሊዝ ያደገችው ሩት ኔጋ ደግሞ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ትወናን ከተማረች በኋላ በርካታ ዓመታትን በመድረክና በአነስተኛ ሚናዎች አሳልፋ፣ "ላቪንግ" በተሰኘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2017 ለኦስካር የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ለመታጨት በቅታለች።

ከሥልጠና በኋላ

የሠለጠነ ተዋናይ የሥራ ዕድል ከአንድ ምንጭ ብቻ አይገኝም። በፌዴራል መንግሥትና በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥር ያሉ ቴአትር ቤቶች ተዋንያንን በቋሚነት ይቀጥራሉ። ቅጥሩ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሥራ ክፍት የሥራ መደብ ሲኖር በማስታወቂያና በውድድር የሚፈጸም በመሆኑ ዕድሉ ጠባብ ነው። በዚህ ጊዜ የትምህርት ማስረጃው ለመመዝገብ፣ የተግባር ችሎታው ደግሞ ለማለፍ ያገለግላሉ። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ፊልም፣ ተከታታይ ድራማ፣ የሬዲዮ ድራማና ማስታወቂያ በውል የሚሠሩ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረቡ ደግሞ በድምፅ የሚሠራ ትወና ተፈላጊነቱን በግልጽ አሳይቷል። በጤናና በማኅበራዊ ጉዳዮች ላይ የሚያተኩሩ የሬዲዮ ድራማዎችም የሠለጠነ ድምፅ የሚሹ ሥራዎች ናቸው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በአማርኛ የተላለፈው "የቀን ቅኝት" የተሰኘው ድራማ ብቻ ከ250 በላይ ክፍሎች ነበሩት።

ገቢው የማይቆራረጥ ባለመሆኑ ብዙ ተዋንያን ከትወና ጎን ለጎን በማስተማር፣ በመጻፍ፣ በማዘጋጀት ወይም በሌላ ቋሚ ሥራ ይተዳደራሉ። ይህን አስቀድሞ ለተማሪው መንገር ተስፋ ማስቆረጥ ሳይሆን ማዘጋጀት ነው። የዩኒቨርሲቲው ሰፊ ትምህርት ዋጋውም የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው።

ተዋናይ መብቱንም ማወቅ ይኖርበታል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው በተጨማሪ ለከዋኞች፣ ማለትም ለተዋንያን፣ ለድምፃውያንና ለመሰሎቻቸው፣ በክዋኔያቸው ላይ መብት ይሰጣል። ስለሆነም ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ሥራው የት እንደሚታይ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነና ሥራው በሌላ መንገድ ደግሞ ቢሠራጭ ምን እንደሚሆን የሚገልጽ የጽሑፍ ውል መፈራረም ይገባል። የሥልጠና ተቋማት ውል ማንበብን የትምህርታቸው አካል ቢያደርጉ ለተመራቂዎቻቸው ትልቅ አገልግሎት ይሰጣሉ።

የመንግሥት ተቋማት ድርሻ

ከላይ የተዘረዘሩት መመዘኛዎች በተማሪው ጥረት ብቻ የሚሟሉ አይደሉም። ዕውቅና ሰጪው አካል የመማሪያ ክፍልና የአሠልጣኝ የትምህርት ማስረጃ ከመቁጠር አልፎ የተማሪውን የተግባር ሰዓትና የሕዝብ ትርዒቶችን ቁጥር ቢጠይቅ የማሠልጠኛዎች ደረጃ ሊሻሻል ይችላል። ቴአትር ቤቶች ትርዒት በማይታይባቸው ሰዓታት መድረኮቻቸውን ለተማሪዎች ቢከፍቱ፣ ነባር ተዋንያኖቻቸውም ተለማማጆችን ቢይዙ፣ በሀገር ፍቅርና በብሔራዊ ቴአትር የቀድሞ ትውልድ የተማረበት መንገድ ከመደበኛው ትምህርት ጋር ይገናኛል። የወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤቶች በበኩላቸው ለአማተር ክበባት በወር አንድ ጊዜ እንኳ ባለሙያ ቢመድቡ፣ ከአዲስ አበባ ርቀው ያሉ ወጣቶች ልማዳቸው ከመደንደኑ በፊት የሚያርማቸው ሰው ያገኛሉ።

ቅጥር የሚፈጽሙ ኃላፊዎችም የምስክር ወረቀቱን ከመመልከት ጎን ለጎን ተወዳዳሪው የሠራበትን መድረክ መጠየቅ፣ በፈተናውም ላይ የሙያው ሰዎች እንዲቀመጡ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። ልጁ ትወና ልማር ሲል የሰማ ወላጅ ደግሞ ከመከልከሉ ወይም ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ልጁን ይዞ ወደ ተቋሙ ቢሄድና አንድ የልምምድ ክፍለ ጊዜ ከጥግ ተቀምጦ ቢመለከት መልካም ነው። ተማሪዎቹ በአብዛኛው ቆመው እየሠሩ ከሆነ ትምህርት አለ ማለት ይቻላል። ሁሉም ተቀምጠው ማስታወሻ የሚጽፉ ከሆነ ግን ሌላ ተቋም መፈለግ ይበጃል።